ሞኒተሬን 75 ሄርዝ አድርጌው ከሰዓት ከሰዓት ይጠፋብኛል ላልከው የድሬዳዋ ሳቢያን ልጅ

ሰላም ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጋሼ ጋሼ እያልክ አታስረጀኝ፣ ሞኒተር ስፈታ ስገጥም 14 ዓመት ሞላኝ እንጂ ሽበት ገና አልነካኝም። ሌላውም ሰው እንዲከተለን ያልከውን ባጭሩ ልድገመው። ከዚሁ ከድሬው ታይዋን ገበያ ያገለገለ የቢሮ ሞኒተር ገዛህ፣ 22 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ፣ 60 ሄርዝ (በሰከንድ 60 ምስል ሚያሳይ ማለት ነው)፣ ከኋላው ቪጂኤና ዲቪአይ ሚባሉት የምስል ገመድ መሰኪያዎች ብቻ ናቸው ያሉት። የግራፊክስ ካርድህ (ምስሉን ለሞኒተሩ ሚልከው) ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ስለሆነ ቪጂኤ የለውም፣ ስለዚ ሻጩ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ሚቀይር ትንሽዬ ኮንቨርተር ጨመረልህና በሱ እየተጠቀምክ ነው። ጓደኛህ ደሞ ሞኒተር እኮ ኦቨርክሎክ ይደረጋል (ከተጻፈለት ፍጥነት በላይ ይሮጣል)፣ እኔ 100 አስገብቻለሁ አለህና አንተም ሪፍሬሽ ሬቱን፣ ያንኑ ሄርዙን፣ 75 አደረግከው፣ ዊንዶውስ ያለምንም ጭቅጭቅ 75 ብሎ ጻፈልህ። ጠዋት ሰላም ነው፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን ስክሪኑ ጥቁር ይልና ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይመለሳል። ጥያቄህ እየተቃጠለብኝ ነው ወይስ ልቀጥል፣ 100 ልግባ ወይስ ይቅር ነው።

100ውን እርሳው። መቃጠሉን አይመስለኝም፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ። ግን አንተ ያልጠየቅከኝ ጥያቄ ነው ዋናው፣ እሱም ይሄ 75 የምትለው ነገር በርግጥ 75 ነው ወይ ሚለው። አቦ ሰው ሁሉ እኮ ዊንዶውስ ላይ ቁጥሩን ያይና በቃ ገባ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ዊንዶውስ የጻፈው ግን ካርዱ ስንት እንደሚልክ ነው፣ ሞኒተሩ የተላከለትን ሁሉ ያሳየው አያሳየው እሱ አያውቅም፣ የሚያውቅበትም መንገድ የለውም።

ነገሩን እንዲህ እየው። ሞኒተር ኦቨርክሎክ ስታደርግ ሞኒተሩ ውስጥ ምንም አልነካህም፣ እንደ ፕሮሰሰር ቮልቴጅ ምናምን አትጨምርም። ሞኒተሩ ኢዲአይዲ ሚባል ትንሽ መታወቂያ አለው፣ እዛ ላይ እኔ ይሄን ይሄን እችላለሁ ብሎ ለካርዱ ይናገራል፣ አንተ ያረግከው ካርዱን እሱን ተወውና ትንሽ ጨምረህ ላክለት ማለት ብቻ ነው። ባጃጅ ለሦስት ሰው ተብሎ ተሰርቶ አምስት ሰው ጭኖ ከሳቢያን ከዚራ ሲገባ ሞተሩን ማንም አልቀየረለትም አይደል፣ ገባ፣ በቃ። አንዳንዱ ይገባል፣ አንዳንዱ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል፣ አንዳንዱ ደሞ (ይሄኛው ነው ተንኮለኛው) ሁለቱን ሰው ቀስ ብሎ አውርዶ አምስት ሰው አድርሻለሁ ብሎ ሂሳብ ይቀበልሃል። ወደሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ጥቁር ማለቱ። ይሄን ለመረዳት ፒክስል ክሎክ ሚባለውን ነገር ማወቅ አለብህ፣ የድሬ ልጅ ስለሆንክ በባቡር ላስረዳህ። ምስሉ በገመዱ ላይ ሚሄደው እንደ ፉርጎ ተቀጣጥሎ ነው። ባንድ መስመር 1920 ፒክስል የተጫነበት ፉርጎ አለ፣ ከኋላው ግን ባዶ ፉርጎም አብሮ ይጎተታል፣ በተለመደው የፉል ኤችዲ አሠራር 280 ባዶ፣ ድምር 2200። ከላይ ወደታች ደሞ 1080 መስመር ምስል አለ፣ 45 መስመር ባዶ፣ ድምር 1125። ባዶው ከየት መጣ ካልክ የድሮ ሆዳም ቲቪ ውስጥ ጨረሩ አንዱን መስመር ጨርሶ ወደሚቀጥለው እስኪመለስ ጊዜ ይፈልግ ነበር፣ የዛ ውርስ ነው፣ ብላንኪንግ ይሉታል። 2200 በ1125 አባዛና በ60 አባዛው፣ 148.5 ሚሊዮን ይመጣልሃል፣ 148.5 ሜጋሄርዝ ማለት ነው። ያንኑ በ75 ካባዛኸው 185.6 ሆነ። ባዶ ፉርጎውን ቀነስ ሚያረገው ሪዲውስድ ብላንኪንግ ሚባል አቆጣጠር አለ፣ በሱ እንኳን ብታረገው 75 ላይ 174.5 ገደማ ነው።

የዛች ኮንቨርተር ቺፕ ደሞ ለምን እንደተሰራች አስበው፣ ለፉል ኤችዲ በ60፣ አለቀ። ብዙዎቹ 165 ሜጋሄርዝ አካባቢ ላይ ነው ሚቆሙት፣ አንተ ከዛ በላይ ጫንክባት። ቺፗ የኤችዲኤምአዩን ዲጂታል ተቀብላ ወደ ቪጂኤው አናሎግ ምትቀይር ናት፣ ስትሰራ ትሞቃለች፣ ሙቀት ማስወጫ የላትም፣ ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጋለች፣ ያቺ ፕላስቲክ ደሞ ከኮምፒውተሩ ኋላ ካርዱ ትኩስ አየር ሚተፋበት ቦታ ላይ ተንጠልጥላለች፣ ኮምፒውተሩ ደሞ ሳቢያን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ። ሰው በርጫ ላይ ሲመረቅን እሷም እዛው ትመረቅናለች። ሲግናሉ ለአፍታ ይበጠሳል፣ ሞኒተሩ ምን ሆነ ብሎ እንደገና ይፈልጋል፣ ሲያገኘው ይመለሳል፣ ያቺ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይቺ ናት።

ግን በኔ ቃል ብቻ አትሂድ፣ እራስህ አረጋግጥ። ነገ ከሰዓት መጥፋት ሲጀምር ኮንቨርተሯን በጣትህ ንካት፣ ከዛ ቬንቲሌተሩን ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ አዙረህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። መጥፋቱ ከቀነሰ ጥፋተኛዋ ተይዛለች። ሁለተኛ ነገር፣ ስክሪኑ ጥቁር ባለበት ቅጽበት የስልክህን ባትሪ አብርተህ ስክሪኑ ላይ አስጠግተህ በጎን እየው፣ ምስሉ ድብዝዝ ብሎ ከውስጥ ሚታይህ ከሆነ ሲግናል አልጠፋም፣ የጠፋው ባክላይቱ፣ ከምስሉ ኋላ ሚበራው መብራት ነው፣ ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ከሄርዝ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ያገለገለ ሞኒተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የፓወር ቦርዱ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ሚያጠራቅመው ትንሽ ቆርቆሮ) አብጦ ነው። ሦስተኛ፣ ስክሪኑ ሲጠፋ ቬንቲሌተሩም አብሮ ድክም ካለ ወይ አምፖሉ ቀላ ካለ ጣጣው ከመብራቱ ነው፣ ስታብላይዘር ያስፈልግሃል፣ ስለ ሄርዝ ማውራታችንን እዚህ ላይ እናቁም። አንተ እንደጻፍከው ግን ወደ 60 ስትመልሰው ሙሉ ቀን ሰላም ነው ብለሃል፣ ስለዚ እኔ ኮንቨርተሯ ላይ ነኝ።

መፍትሄው ደሞ ከኋላህ ተቀምጧል። ሞኒተርህ ዲቪአይ አለው፣ 1050 ቲአይ ካርዶችም አብዛኞቹ ዲቪአይ አላቸው። በቀጥታ ከዲቪአይ ወደ ዲቪአይ ገመድ ሰካ፣ በቃ፣ አናሎግ ሚባል ነገር ከመሀል ይወጣል፣ ጽሑፍ ራሱ ጥርት ሲልልህ ምን ሳይ ነበር የከረምኩት ትላለህ። ካርድህ ላይ ዲቪአይ ከሌለ ባንድ በኩል ኤችዲኤምአይ በሌላ በኩል ዲቪአይ የሆነ ገመድ አለ፣ እሱም ይሰራል፣ ሁለቱ ሲግናላቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ መሀል ላይ ሚቀይር ቺፕ ምናምን አያስፈልገውም።

ዲቪአይ ግን የራሱ ገደብ አለው፣ ነጠላ መስመር ሚሉት 165 ሜጋሄርዝ ላይ ነው በሕጉ ሚያበቃው፣ እንዳንተ ዓይነት ፉል ኤችዲ የቢሮ ሞኒተር ደሞ ውስጡ ነጠላውን ነው ሚጠቀመው። ከዛ ማለፍ ሚችል ሞኒተር አለ፣ ዕድል ነው። እኔ ግን ገደቡን ሳልጥስ ነው ምጀምረው። በተራ ሪዲውስድ ብላንኪንግ 165 ሳትደርስ 70 ገደማ ላይ ትቆማለህ። ባዶ ፉርጎውን በእጅህ ከቀነስከው ግን እስቲ አስላው፣ ወርዱን ድምር 2000 አድርገው ማለትም 80 ባዶ ብቻ፣ ቁመቱን ድምር 1100 ማለትም 20 ባዶ፣ 2000 በ1100 በ75 ልክ 165 ሚሊዮን። ገጠመ! ይሄን ሂሳብ መጀመሪያ የሰራሁት የሱቅ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነበር፣ ደረሰኙ እስካሁን ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓናል ግባ፣ ቼንጅ ሪዞሉሽን፣ ከታች ከስተማይዝ፣ ከዛ ክሪኤት ከስተም ሪዞሉሽን። ታይሚንግ ሚለውን ከኦቶማቲክ ወደ ማንዋል አውጣው፣ ያኔ ሳጥኖቹ ይከፈቱልሃል። በወርዱ ፍሮንት ፖርች 8፣ ሲንክ 32፣ ቶታል 2000። በቁመቱ ፍሮንት ፖርች 3፣ ሲንክ 5፣ ቶታል 1100። እዛው ታች ፒክስል ክሎኩን እራሱ አስልቶ ያሳይሃል፣ ከ165 እንዳያልፍ እሱን እያየህ ሂድ። አሁን ግን ቀጥታ 75 እንዳትጽፍ። ከ60 ጀምር፣ እነዚህን ጠባብ ቁጥሮች ሞኒተሩ ይቀበላቸው እንደሆነ በ60 እይ፣ አንዳንዱ ሞኒተር 20 መስመር ባዶ አነሰኝ ብሎ ምስሉን ወደላይ ይገፋዋል ወይ ጭራሽ ኢንፑት ኖት ሰፖርትድ ብሎ እምቢ ይልሃል፣ ያኔ ቁመቱን ወደ 1111 ከፍ አድርግና 72 ላይ ረካ በል፣ 160 ሜጋሄርዝ ነው ሚመጣው። ከተቀበለ 65፣ 70፣ 72፣ 75 እያልክ ውጣ። ቴስት ስትለው ጥቁር ብሎ ከቀረ ምንም አትንካ፣ ኪቦርድ አትደብድብ፣ ዝም ብለህ ጠብቅ፣ ካላረጋገጥክለት እራሱ ወደነበረበት ይመለሳል።

የኤንቪዲያው እምቢ ካለህ ሲአርዩ (CRU) ሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ መታወቂያውን እንዳለ ሚተካው፣ እሱ ጠንካራ ነው ግን እንደ ኤንቪዲያው እየጠበቀ አይመልስህም። እኔ በሱ የደረሰብኝን ልንገርህ። የመጀመሪያ ሰሞን ነው፣ ጀግና ነኝ ብዬ የራሴን ሞኒተር አንዴ 85 ጻፍኩለትና ሪስታርት አደረግኩ። የዊንዶውስ ምልክት መጣ፣ ከዛ ጨለማ። ኮምፒውተሩ እየሰራ ነው፣ የመግቢያው ድምፅ ይሰማኛል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ። ሌላ ሞኒተር የለኝ፣ ሄጄ ያክስቴን ቲቪ ነቅዬ ተሸክሜ መጣሁ፣ ያውም ተከታታይ ድራማዋን እያየች ባለችበት ሰዓት፣ እስከዛሬ ታነሳብኛለች። ቲቪው ሌላ መታወቂያ ስላለው ምስሉ ወዲያው መጣ፣ ገብቼ አጠፋሁት። አንተ ሳትጀምር ከፕሮግራሙ ጋር ሪሴት ኦል ሚል ፋይል አብሮ ይመጣል፣ እሱን ዴስክቶፕህ ላይ አስቀምጠው። ከጨለመብህ ኮምፒውተሩን ሲነሳ እየጠበቅክ በሀይል ሦስቴ ብታጠፋው ዊንዶውስ የጥገናውን ገጽ ያመጣልሃል፣ ከዛ ሴፍ ሞድ ገብተህ እሱን ፋይል ትከፍታለህ። ድሬ ስለሆንን መብራቱ ራሱ ሦስቴ ሄዶ ሊያስገባህም ይችላል።

እሺ፣ ገባ እንበል፣ 75 ላይ ነህ፣ ምስሉም ጥሩ ነው። አሁን ነው ዋናው ሥራ ሚጀምረው፣ ባጃጁ ሁለት ሰው አውርዶብህ እንደሆነ መቁጠር። ፍሬም ስኪፕ ይባላል፣ ፍሬም አንዱ ምስል ነው፣ ስኪፕ መዝለል። ሞኒተሩ ውስጥ ከገመዱ ሚመጣውን ተቀብሎ ለፓነሉ (ምስሉ ሚታይበት ራሱ ስክሪኑ) ሚያዘጋጅ ስኬለር ሚባል ቺፕ አለ፣ ይሄ ቺፕ አንዳንዴ በሰከንድ 75 ምስል ይቀበልህና ለፓነሉ እንደለመደው 60 ብቻ ይሰጠዋል፣ 15ቱን ይበላቸዋል። ዊንዶውስ 75 ይላል፣ ሞኒተሩ ራሱ ሜኑው ላይ 75 ይላል፣ ዓይንህ ግን ሚያየው 60 ነው፣ እንደውም ከ60ው የባሰ፣ ምክንያቱም እየዘለለ ስለሆነ እንቅስቃሴው ቅጭጭ ቅጭጭ ይላል።

ቴስት ዩፎ ሚባለው ገጽ ላይ ፍሬም ስኪፒንግ ሚል ፈተና አለ። ክፈተው፣ ሙሉ ስክሪን አድርገው፣ ሌላ ነገር ዝጋ። ብዙ ትናንሽ ሳጥኖች በመስመር ተደርድረዋል፣ በያንዳንዱ ፍሬም አንድ ሳጥን ብቻ ነጭ ሆኖ ይበራል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ እያለ ይሮጣል። በዓይን ምንም አትለይም። ስልክህን አውጣ፣ ካሜራው ላይ ፕሮ ሚል ካለ ሹተሩን 1 አምስተኛ ሰከንድ አድርገው፣ ብርሃኑ ከበዛ አይኤስኦውን ዝቅ አድርግ፣ ስልኩን በእጅህ አትያዝ መጽሐፍ ላይ ደገፍ አድርገው። ፕሮ ከሌለው ክፍሉን አጨልመው፣ ስልኩ እራሱ ሹተሩን ያረዝመዋል። አንዴ ሳይሆን አምስት ስድስቴ አንሳ።

ፎቶው ላይ ምታየው ይሄ ነው። ባንድ አምስተኛ ሰከንድ ውስጥ 75 ሄርዝ 15 ሳጥን ያበራል፣ 15 ነጭ ሳጥን ምንም ክፍተት ሳይኖር ተያይዘው ከመጡ ተመረቅ፣ እውነተኛ ነው። ዳርና ዳሩ ላይ ያሉት ፈዘዝ ቢሉ ችግር የለውም፣ ካሜራው ሲከፈትና ሲዘጋ መሀል ላይ ያገኛቸው ናቸው። ባለፈው አንድ የመጋላ ልጅ ያመጣት ባለ 19 ኢንች ካሬዋ ላይ ያነሳሁት ፎቶ ግን እንዲህ ነበር፣ አራት ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ አራት ነጭ፣ አንድ ጥቁር፣ አራት ነጭ፣ ልክ አንድ ጥርስ በየመሀሉ እንደወለቀ። ከየአምስቱ አንዱን መብላት ማለት 75ን 60 ማድረግ ነው፣ ሂሳቡ ከዛ በላይ አይጸዳም። ልጁ ያቺን ሞኒተር 75 ነች እያለ ሁለት ዓመት ተጫውቶባታል፣ ያውም ኦቨርክሎክ ሳይደረግ ነው፣ እነዛ 1280 በ1024 የሆኑ አሮጌ ካሬዎች መታወቂያቸው ላይ ራሱ 75 እችላለሁ ብለው ይጽፋሉ። መቀበል ይችላሉ፣ እውነት ነው። ፎቶውን ሳሳየው ዝም አለ፣ ከዛ ታዲያ ለምን 75 ሲሆን ይሻለኛል የሚመስለኝ አለኝ፣ እኔ ምን ልበለው።

ጓደኛህ 100 አስገባሁ ያለው ነገር እዚህ ላይ ነው ሚገባው። ሪዞሉሽኑን ስንት ላይ አድርጎ ነው ብለህ ጠይቀው፣ 1280 በ720 ላይ ነው ካለህ ጉዳዩ ገባኝ በለው። ሪዞሉሽን ሲቀነስ ፒክስል ክሎኩ ይወርዳል፣ ገመዱም ስኬለሩም 100ውን ያለችግር ይቀበላሉ፣ ፓነሉ ግን ከቁጥሩ ጋር አልተቀነሰም፣ ያው 1920 በ1080 ነው፣ ስኬለሩ ምስሉን ለጥጦ በራሱ ፍጥነት ነው ሚሰጠው። ዱቄት ምስልና የተበላ ፍሬም፣ ሁለቱንም ባንዴ አተረፈ። ፎቶ ያንሳና ያምጣ።

100 በደንብ የገባበት ጊዜ ግን አለ፣ ያ እውነት ስለሆነ ልንገርህ፣ ይሄ ሁሉ ወሬም በብዛት ከዛ ነው የተነሳው። በ2012 እና 2013 በፈረንጅ፣ ከኮሪያ ሚመጡ ባለ 27 ኢንች፣ 2560 በ1440 ሞኒተሮች ነበሩ፣ ካትሊፕ፣ ኪውኒክስ ምናምን ሚባሉ፣ ሰዎች እነሱን አንዳንዱን 96 አንዳንዱን 120 አስገብተዋል፣ በትክክል ያለ ስኪፕ። ምክንያቱን ካየኸው ግን ላንተ አይሆንም፣ እነዛ ሞኒተሮች ለመርከስ ብለው ስኬለሩን ጭራሽ አውጥተውታል፣ አንዲት ድርብ መስመር ዲቪአይ ብቻ ነበረቻቸው፣ ከገመዱ የመጣው ቀጥታ ፓነሉ ጋ ይደርሳል፣ መሀል ላይ ሚበላ የለም። ያንተ የቢሮ ሞኒተር ቪጂኤም ዲቪአይም ሜኑም ኦቶ አጃስትም አለው፣ ያ ሁሉ ምቾት ከስኬለሩ ነው ሚመጣው። በዛ ላይ ፓነሉን አስበው፣ እያንዳንዱን መስመር ፒክስል ኤሌክትሪክ ሚሞላበት ጊዜ አለው፣ በተለመደው አቆጣጠር 60 ላይ 14.8 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ፣ 75 ላይ ወደ 11.9 ይወርዳል፣ 100 ላይ 9 እንኳን አይሞላም። ጊዜው ሲያንሰው ፒክስሉ ሙሉ በሙሉ አይሞላም፣ ቀለሙ ይታጠባል፣ ግራጫ ቦታ ላይ ቀጫጭን መስመር ይታያል፣ የቆየ ምስል ጥላው ይቀራል። ስለዚ 75 ስትገባ ቀለሙንም እይ፣ ግራጫ ፎቶ ሙሉ ስክሪን ክፈትና በ60ና በ75 እያቀያየርክ አስተያይ፣ ሚንጫጩ ነጠብጣቦች ካየህ ወይ ጥቁሩ አመድ ከመሰለህ ሁለት ሄርዝ ውረድ።

ይቃጠላል ወይ ላልከው፣ ፍርሃቱ የመጣው ከድሮዎቹ ሆዳም ሞኒተሮች ነው፣ እነሱ ውስጥ የተሳሳተ ፍጥነት መላክ በርግጥ ሊጎዳቸው ይችል ነበር። ኤልሲዲ ግን ካልቻለ አውት ኦፍ ሬንጅ ይልህና ይዘጋል፣ በሲግናል ብቻ የሞተ ኤልሲዲ እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም። ሚጨምረው ትንሽ ሙቀት ነው፣ ፓነሉን ሚያዘው ሰሌዳ ላይ። እዚህ ጋ ግን የድሬ ሰው ከሌላው ትንሽ ይለያል። ሞኒተር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በየ10 ዲግሪው ሙቀት ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል ሚባል የሙያው ስሌት አለ፣ ያገለገለ ሞኒተር ደሞ ዕድሜውን ግማሽ እዛው የመጣበት ቢሮ ጨርሶ ነው ሚመጣልህ። ስለዚ ከጀርባው ያለውን ቀዳዳ በመጋረጃ አትድፈነው፣ ግድግዳ ላይ አታስጠጋው፣ ብራይትነሱን ከ100 ወደ 60 ምናምን አውርደው፣ ይሄ ብራይትነሱ ከሄርዙ በላይ ነው ሙቀቱን ሚቀንስልህ። ከፍተህ ካፓሲተር አያለሁ ካልክ ደሞ ከሶኬት ነቅለህም ወዲያው እጅህን አትክተት፣ ፓወር ቦርዱ ላይ ያለው ትልቁ ተነቅሎም ይዞ ይቆያል፣ ወይ ወደኔ ይዘኸው ና።

ለዚህ ነው ፈተናውን ጠዋት አትስራው ምልህ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ድሬ ሌላ አገር ናት፣ ሁሉም ነገር ይገባል። ሐረር አንድ ጓደኛዬ አለ፣ እሱም ጥገና ነው ሚሰራው፣ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሞኒተር ነበረን፣ እሱ 77 ላይ ሙሉ ቀን ይሰራል፣ የኔዋ 77 ላይ ከምሳ በኋላ ነጠብጣብ ታሳያለች፣ 75 ላይ ግን ዝም ጭጭ። ሁለት ሞኒተር አንድ አይሆንም፣ የዕጣ ጉዳይም አለበት፣ ግን የኔዋን የደንገጎን ዳገት አውጥቼ እሱ ቤት ሰክቻት አይቻለሁ፣ እዛ 77 ገብታለች። ከባሕር ወለል ወደ 1900 ሜትር የተጠጋች ከተማና ወደ 1200 ሜትር የሆነች ከተማ ናቸዋ። ስለዚ አንተ ሰላም የሆነበትን ቁጥር ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ፣ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰዓት ጨዋታ ተጫውቶ ከሞቀ በኋላ ፈትነው፣ እዛ ላይ ካለፈ ከሱም አንድ ሁለት ሄርዝ ቀንስ። ግንቦትና ሰኔ ደሞ ሲመጣ ደግመህ እየው።

ይጠቅማል ወይ? እውነቱን ከፈለግክ ከ60 ወደ 75 ማለት በየምስሉ 16.7 ሚሊ ሰከንድ የነበረው 13.3 ሆነ ማለት ነው፣ ማውዙን ስታንቀሳቅስ ወዲያው ይታወቅሃል፣ ደስ ይላል፣ ነፃ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ጨዋታ ላይ ግን ካርድህ 75 ፍሬም ካልሰጠ ምንም ነው፣ ካውንተር ስትራይክ ዓይነቱ ላይ 1050 ቲአይ ይሰጥሃል፣ ከባዱ ጨዋታ ላይ 45 እያወጣ ከሆነ ሞኒተሩ 75 ሆነ 200 ለውጥ የለውም። ፕሌይስቴሽን 4 ልሰካበት ካልክም ከ60 በላይ አይልክም፣ አትልፋ። አንድ ሰው ማይነግርህ ነገር ግን፣ ፊልም ምታይ ከሆነ 72 ከ75 ይሻላል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፣ 72 ለ24 ልክ ሦስት ይደርሰዋል፣ እያንዳንዱ ምስል እኩል ጊዜ ይቆያል፣ በ60ም በ75ም እኩል አይካፈልም፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደጎን ሲዞር ሚንቀጠቀጥብህ ለዛ ነው። እኔ ቤት 72 ላይ ነው ያለሁት፣ ቁጥሩ ለማውራት አይመችም ግን።

ገመዱን ስትገዛ ፒኑን እይ። ዲቪአይ ገመድ ጫፉ ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ምላስ አለው፣ ከምላሱ ላይና ታች አራት ትናንሽ ፒን ካሉ እሱ አናሎግም አብሮ ያለው ነው፣ 1050 ቲአይ ላይ አይገባም፣ ሻጩ ይገባል ገፋ አርገው ቢልህ እንዳትገፋ፣ ፒኑ ይታጠፍና ካርድህ ይበላሻል። ምላሱ ብቻውን የሆነውን ውሰድ። ሰክተህ፣ ከሰዓት ፈትነህ፣ ፎቶውን አንስተህ ላክልኝ፣ ጥቁር ሳጥን ካለ በየስንቱ እንደሆነ ቆጥረህ ጻፍልኝ።